አሮጌ ዴስክቶፕ እየተነሳ መልሶ ሪስታርት ሲያደርግ፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ቁልፉን ትጫናላችሁ። ፋኑ ይዞራል፣ የአምራቹ ምልክት ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ድርግም። ወዲያው ራሱ ይነሳና ያንኑ ይደግማል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር «ፎርማት አስደርገው» የሚል ነው። ፎርማት ግን የመጨረሻው ነገር ይሁን። ፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬት የመጣውን ኃይል ለውስጥ ዕቃዎቹ የሚያድለው ሳጥን) የደከመ ኮምፒውተር አዲስ ዊንዶውስ ቢጫንበትም ነገ ያው ነው፤ የተማሪዎች ሮስተር፣ የደንበኛ ደብዳቤ፣ የልጆች ፎቶ ግን አብሮ ይጠፋል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ሞጣም ሆነ ዳንግላ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የምታገኙት ማሽን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ዓመታት ሠርቶ የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ሲያስቸግር እኔ ከዊንዶውሱ በፊት መብራቱን፣ አቧራውንና እርጅናውን ነው የምጠረጥረው።

መቼ ነው የሚጠፋው?

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ አስነስታችሁ ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ስክሪኑ ላይ ምንም ሳይመጣ በሰከንዶች ውስጥ ከጠፋ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ራም (ማሽኑ እየሠራ ሳለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ወይም የተጣበቀ ቁልፍ ሊሆን ይችላል። ምልክቱን አሳይቶ ዊንዶውስ መነሳት ሲጀምር ከጠፋ ደግሞ ሃርድ ዲስኩም፣ ዊንዶውሱም፣ የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ የራሱ ፕሮግራም) ሴቲንጉም ይጠረጠራሉ።

ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ልክ እንደበራ ኤፍ 2ን ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10፣ ሌላ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዲሊት ነው። የባዮስ ገጽ ይከፈታል። እዚያው ትታችሁት ሻይ ጠጡ፣ 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ባዮስ ውስጥ እያለ ሪስታርት ካደረገ ዊንዶውስ ነፃ ነው፣ ገና አልተነሳማ! ካላደረገ ግን ፓወር ሰፕላዩን ወዲያው ነፃ አታውጡት። ባዮስ ውስጥ ማሽኑ ብዙም አይሠራም፤ የደከመ ፓወር ሰፕላይ እስከዚያ ድረስ ሊችለው ይችላል።

መብራቱን ጠርጥሩ

ጠዋት በሰላም ተነስቶ ማታ ማታ የሚያስቸግር ከሆነ ኮምፒውተሩን ትታችሁ መስመሩን እዩ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ሰፈሩ ሁሉ እንጀራ ሲጋግር፣ ወይም ጎረቤት ያለ ወፍጮ ሲነሳ፣ ወይም በያጁ ሥራ ሲጀምር፣ 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ቁልቁል ይወርዳል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በዚያው ሰዓት ፋኑንና ሃርድ ዲስኩን ከቆሙበት ለማዞር ከወትሮው የበለጠ ኃይል ይፈልጋል፣ ስለዚህ ገና ሳይነሳ ይወድቃል። አምፖሉ ደብዘዝ ካለ አንድ ምልክት ነው። ቴስተር ካላችሁ ወይም ኤሌክትሪሺያን ጎረቤት ካላችሁ ሶኬቱ በዚያ ሰዓት ስንት እንደሚሰጥ አስለኩ። ከ200 በታች እየወረደ ከሆነ ማሽኑን መፍታት ትርፉ ድካም ነው፣ ስታብላይዘር ያስፈልጋችኋል።

ቮልቴጁ ደህና ከሆነ ዲቫይደሩን ተዉትና በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት። ገመዱንም በሌላ ቀይሩ። የላላ ዲቫይደር የብዙ ማሽን ስም አጥፍቷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አለው። እኛ አገር ሁልጊዜ 230 ላይ መሆን አለበት። «ምናልባት ይሻለው ይሆን» ብላችሁ 115 ላይ ብታደርጉት በአንድ ጊዜ ይቃጠላል።

ከፍታችሁ አጽዱት

ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ከነቀላችሁ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፣ የቀረው ኃይል ይውጣ። እጃችሁን የኬዙ ብረት ላይ አሳርፉ፤ ሰውነታችን ላይ ያለ ስታቲክ ራምና ማዘርቦርድ ይጎዳል። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ግን ራሱን አትክፈቱት። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

መንገድ ዳር ባለ ሱቅ የኖረ ማሽን ስትከፍቱ የምታዩት አቧራ ያስደነግጣችኋል። ወደ ውጭ አውጡትና በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፉት፣ ፋኑን በጣታችሁ ያዝ አድርጋችሁ። በተለይ ከፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አንጎል ማለት ነው) በላይ ባለው ብረት ክንፎች መካከል የተጠቀጠቀውን አውጡ። አየር ካላለፈ ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ሲግል ማሽኑ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። የሙቀት ችግር የራሱ ጠባይ አለው፤ ግማሽ ሰዓት አርፎ ሲነሳ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ወዲያው ስትደግሙት ግን ቶሎ ይጠፋል። ያ ብረት በፕላስቲክ እግሮች የሚያዘው ዓይነት ከሆነ አራቱም ጠቅ ብለው መግባታቸውን አረጋግጡ፣ አንዱ እንኳ ከላላ ብረቱ ፕሮሰሰሩ ላይ በደንብ አይቀመጥም። ተርማል ፔስቱ (በብረቱና በፕሮሰሰሩ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቆ አሸዋ ከመሰለ አሮጌውን ጠርጋችሁ ምስር የምታክል አዲስ ጠብታ አድርጉ። አታብዙት።

ከፍታችሁ ሳለ ካፓሲተሮቹን እዩ። ፕሮሰሰሩ አጠገብ የቆሙት ትናንሽ ሲሊንደሮች ናቸው። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካለ ነገሩ ተገኘ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ገደማ ከተሠሩት ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ በዚህ ችግር ተበላሽተዋል። ለዚህ የግድ የኮምፒውተር ባለሙያ አያስፈልግም፤ እጁ የሰላ የቴሌቪዥን ጠጋኝ ይቀይረዋል፣ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን ብቻ። ፕላስና ማይነሱም እንዳይገለበጥ።

ራሙ፣ ቁልፉ፣ ዩኤስቢው

ራሞቹን አውጡ። ወርቃማ ጥርሳቸውን በንጹሕ ላጲስ ፈተግ ፈተግ አድርጋችሁ ፍርፋሪውን አራግፉ። በተለይ ክረምት ላይ ሳይነካ ለከረመ ማሽን ይህች ብቻ የምትበቃበት ጊዜ አለ። ከዚያ አንዱን ራም ብቻ ሰክታችሁ አስነሱ። ካልሆነ ሌላውን። ካልሆነ ቀዳዳውን ቀይሩ። ያሰለቻል፣ ግን የተበላሸውን በእርግጠኝነት ይለያል።

ፕሪንተሩን፣ ፍላሹን፣ ሁሉንም ዩኤስቢ ንቀሉ። ውስጡ የተጣመመ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሾርት እየፈጠረ ማሽኑን ሊያጠፋው ይችላል። የሪስታርት ቁልፉንም አትርሱት። የተጣበቀ ከሆነ አንድ ሰው ሳያቋርጥ እንደተጫነው ይቆጠራል። ገመዱን ከማዘርቦርዱ ላይ ንቀሉትና ሞክሩ፣ ያለ እሱ ማሽኑ ይሠራል።

ሳንቲም የምታክለዋ ባትሪ

ማዘርቦርዱ ላይ 3 ቮልት የምትሰጥ፣ ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለች። ብዙ ሰው «ሰዓት ብቻ ነው የምትይዘው» ብሎ ይተዋታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ሶኬት ላይ ሲሆን ባትሪዋ ታርፋለች፤ መብራት በጠፋ ወይም ገመዱ በተነቀለ ቁጥር ግን ሸክሙ የእሷ ነው። ስታልቅ ባዮሱ የተቀመጠለትን ሴቲንግ ሁሉ ረስቶ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ሃርድ ዲስኩ የሚነበብበት መንገድም አብሮ ሊቀየር ይችላል፣ ለምሳሌ ከአይዲኢ ወደ ኤኤችሲአይ። ዊንዶውስ ኤክስፒና ዊንዶውስ 7 ይህን አይወዱም፤ ሲነሱ ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ አድርገው ሪስታርት ያደርጋሉ። አንዱም ፋይል አልተበላሸም እኮ!

ስለዚህ ባዮስ ውስጥ ቀኑን እዩ። 2009 ወይም 2010 የሚል ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ፣ ባትሪዋ ሞታለች። አዲስ አድርጉ፣ ቀኑን አስተካክሉ፣ ከዚያ ሳታ ሞድ የሚለውን (ቅድም ያልኩት የሃርድ ዲስኩ ማንበቢያ መንገድ ነው) ፈልጋችሁ ወደ ሌላው ቀይራችሁ ሞክሩ።

አሁን ወደ ዊንዶውሱ

ሰማያዊው ስክሪን ለማንበብ በማይመች ፍጥነት የሚጠፋው ዊንዶውስ ሲበላሽ በራሱ ሪስታርት እንዲያደርግ ስለተደረገ ነው። ይህን ማስቆም ይቻላል። ዊንዶውስ 7 ላይ ምልክቱ ከመምጣቱ በፊት ኤፍ 8ን ደጋግማችሁ ተጫኑና ዲሴብል ኦቶማቲክ ሪስታርት የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ 10 ላይ እየተነሳ ሳለ ሦስት ጊዜ ያህል በቁልፉ አጥፉት፤ የጥገና ገጽ ያመጣል፣ ከዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት ብላችሁ ዝርዝሩ ሲመጣ 9 ቁጥርን ተጫኑ። ሰማያዊው ስክሪን ላይ ያለውን የስህተት ኮድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። በ7ቢ የሚያልቅ ከሆነ (ዊንዶውስ 10 ላይ በቁጥሩ ፋንታ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ይላል) ብዙውን ጊዜ ቅድም ያልኩት የሃርድ ዲስክ ሴቲንግ ወይም ገመድ ነው፤ በ124 የሚያልቅ ከሆነ (ዊንዶውስ 10 ላይ «ዊያ አንኮሬክተብል ኤረር») ብዙውን ጊዜ ዕቃው ራሱ ታሟል፣ ፎርማት አይረዳውም።

በዚያው ዝርዝር ውስጥ ባለው ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ በሚያስፈልጉት ነገሮች ብቻ የሚነሳበት መንገድ) በሰላም ከተነሳ ደስ ይበላችሁ፤ በቅርብ የጫናችሁትን ፕሮግራም ወይም ድራይቨር አጥፉ። በሴፍ ሞድም እምቢ ካለ፣ ሃርድ ዲስኩም ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ደጋግማችሁ አታስነሱት። አውጥታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ መጀመሪያ ፋይላችሁን ገልብጡ። ፎርማት ማውራት የሚቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

ፓወር ሰፕላይ ለመግዛት ስትሄዱ

ይህ ሁሉ አልፎ አሁንም ሪስታርት ካደረገ፣ ከሌላ ደህና ማሽን ፓወር ሰፕላይ ተውሳችሁ ሞክሩ። በቴስተር መለካትም ይቻላል፤ ማሽኑ በርቶ ሳለ ቢጫው ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ሲለካ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 መስጠት አለበት። ሲነሳ ቁጥሩ ከዚህ በታች ከወረደ ጥፋተኛው ተገኘ። ስትገዙ አሮጌውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ባህር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ። ቀጫጭኖቹ የዴልና የኤችፒ ማሽኖች የራሳቸው ቅርጽና የራሳቸው መሰኪያ ስላላቸው በስም ብቻ የተገዛ ላይገባ ይችላል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዕቃ ለመቀየር ብላችሁ ደግማችሁ እንዳትመላለሱ።