ደረሰኙስ? መሀል አዲስ አበባ ለሚኖር የውጭ ዜጋ የወጪ፣ የግብርና የ«ሻይ» ነገር

የውጭ ዜጋ ባልደረባ ወይም ተከራይ ካላችሁ፣ ዋጋ የምትደራደሩለትም ወረቀት ይዛችሁ የምትመላለሱለትም እናንተ ናችሁ። ከጉሊትና ከሚኒባስ ታክሲ በስተቀር በየክፍያው «ደረሰኙስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሉኝታ የሚይዘን እዚሁ ላይ ነው፤ እንግዳው ግን የሚከስረው በእኛ ይሉኝታ ነው።

ከምግብ ቤት እንጀምር። ከቦሌ እስከ ፒያሳ ባሉ ደህና ደህና ቤቶች ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ ብዙ ጊዜ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ያልተደመረበት ነው፤ ይህም ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። መጀመሪያ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይደመራል፣ ቀጥሎ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት። የ1,000 ብር ምግብ 1,100 ይሆንና መጨረሻው 1,265 ብር ነው። ስለዚህ ጭማሪው 26.5 በመቶ እንጂ 25 አይደለም፤ በዚህ ልዩነት አስተናጋጅ ላይ መጮህ አያስፈልግም። የሚያስጠይቀው ሌላ ነው፦ በእጅ በተጻፈ ቢል ላይ ቫት ተደምሮ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ካልመጣ፣ ያ 15 በመቶ መንግሥት ጋ ስለመድረሱ ምንም ማረጋገጫ የለም። ደረሰኙ ላይ የድርጅቱን ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ የመሣሪያውን ቁጥርና ቀኑን እዩ። ፕሮፎርማ ደረሰኝ አይደለም፤ ፋይናንስ ክፍሉም አይቀበለውም። ሱቅ ውስጥ «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» ሲባል ዕቃው ቢበላሽ መመለሻ እንደማይኖር አብሮ ይታሰብ።

ደመወዝ ላይ ደግሞ ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከራሱ ቢሮ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የሚሠራበት የተሻሻለው የገቢ ግብር ሰንጠረዥ በወር እስከ 2,000 ብር ነፃ አድርጎ፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለውን 35 በመቶ ያስከፍላል። ከ14,000 ብር በላይ ለሚከፈለው ሰው አቋራጩ ስሌት ጠቅላላውን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 መቀነስ ነው። 100,000 ብር የሚከፈለው ሰው ግብሩ 32,950 ብር ይሆናል። የድሮው ሰንጠረዥ ተቀናሽ 1,500 ስለነበር፣ ያልታደሰ የኤክሴል ፎርም በየወሩ 550 ብር ያለአግባብ ይቆርጣል። የጡረታው 7 በመቶ የሚቆረጠው ከኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ነው፤ ከውጭ ዜጋ ደመወዝ ላይ ካያችሁት ለምን እንደሆነ አስጠይቁ (ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ጉዳዩ ለብቻው ይታያል)። በዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የቆየ ሰው ለግብር እንደ ነዋሪ ስለሚቆጠር፣ የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ያለበት የፓስፖርት ገጽ ኮፒ ይቀመጥ።

ትልቁ ገንዘብ የሚፈሰው ኪራይ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም፣ ውሉም በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይላል። ለፈረንጅ ሲሆን ግን «የስድስት ወር ቅድሚያ፣ በዶላር፣ በእጅ» ይባላል። በዶላር መከፈል የለበትም፤ ውሉም ክፍያውም በብር ይሁን። ከዚህ የከፋው ሁለት ውል ነው፦ ግብር ለማሳነስ ዝቅተኛው ይመዘገባል፣ ልዩነቱ በፖስታ ይሰጣል። አከራዩ በስድስተኛው ወር ውጣ ቢለው ተከራዩ ማስረዳት የሚችለው በተመዘገበው ቁጥር ልክ ብቻ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም የሚተካለት ያንኑ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ቆጣሪው የካርድ ይሁን፣ ለብቻው ይሁን ወይስ ከግቢው ጋር የጋራ፣ የመብራትና የውሃ ውዝፍ እንዳለበትም አጣሩ። ሮቶ ከሌለ ውሃ በማይመጣበት ቀን የቦቴ ወጪ አለ። ለዘበኛና ለቆሻሻ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። የደላላው ድርሻ ቤቱ ከመታየቱ በፊት ይቆረጥ፤ በኋላ ከሆነ ሦስት ደላላ ሆነው ይመጣሉ።

መንገድ ላይ የሚገጥመው ይበልጡኑ ከመንጃ ፈቃድ ጋር የተያያዘ ነው። የውጭ መንጃ ፈቃዱን አረጋግጦ ወደ ኢትዮጵያው ያልቀየረ ሰው ሲቆም ለድርድር የተጋለጠ ነው። የትራፊክ ቅጣት ተጽፎ ይሰጣል እንጂ ለፖሊሱ በእጅ አይከፈልም። «እዚሁ እንጨርሰው» ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ችግር የለም፣ ቅጣቱን ይጻፉልኝ።» በትሕትና፣ ድምፅ ሳይነሳ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ባልደረባችሁን በአማርኛ አስጠኑት፤ ከመቶ የሰላምታ ቃል ትጠቅመዋለች። አብዛኛውን ጊዜ ወይ ይጻፋል ወይ ይለቀቃል።

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካለው ኢሚግሬሽን ደጅ ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ በር ጉዳይ ገዳይ አይጠፋም። ከፍሎ ጉዳይ ማስፈጸም በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ግን ዋናው ፓስፖርት አይሰጠው፣ «ለውስጥ ሰው» የሚል ሒሳብም አይከፈል። ጉቦ ሰጪም በሕግ ይጠየቃል፣ አቀባባዩም እንዲሁ፤ እያስተረጎማችሁ ፖስታውን የምታሻግሩት እናንተ ከሆናችሁ አቀባባዩ እናንተ ናችሁ። «ሲስተም የለም» ብዙ ጊዜ እውነት ነው። መድኃኒቱ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እድሳቱን ቀደም ብሎ መጀመር ነው፤ የሚጣደፍ ሰው ከሩቅ ይታወቃል። ጠዋት ሂዱ፣ የጎደለው ሰነድ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፣ «ነገ ተመለስ» ያለውን የመስኮቱን ቁጥር ያዙ።

የፈረንጅ ዋጋ ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። ብሔራዊ ሙዚየም ለውጭ ጎብኚ የተለየ መግቢያ አለው፣ በይፋም የተለጠፈ ነው። ሚኒባስ ላይ ግን ታሪፉ ለሁሉም እኩል ነው፤ ወያላው መልስ «ዝርዝር የለም» እንዳይል አሥርና አምስት ብር ኪስ ውስጥ ይኑር። ላዳ ከመግባት በፊት ይዋዋሏል። በስልክ መተግበሪያ ራይድም ሆነ ፈረስ ሲጠራ ሾፌሩ «ሰርዘውና በእጅ እንነጋገር» ካለ ሌላ መጥራት ይሻላል።

ዶላር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በጆሮ ከሚያንሾካሹክ ሰው ጋር መሄድ ከሚያተርፈው የሚያሰጋው ይበልጣል። የባንክ ወይም ፈቃድ ያለው ምንዛሪ ቢሮ ቦርዴሮ (የምንዛሪ ደረሰኙ) ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ማሳያ ነው። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በጥቂት ወራት ይደበዝዛል፤ በዚያው ቀን ፎቶ ይነሳ፣ ከተቻለም ኮፒ ተደርጎ ከዋናው ጋር ይያያዝ።