«ጉንፋን ሲይዘኝ ፀጉሬ ይረግፋል?» ለሚለው ጥያቄ የተገኘ መላ

ስለ እናት ካንሰር የተዘጋጀው ባለ 32 ገጽ የሥዕል መጽሐፍ ረቂቅ ተነቦ ባለቀ ቁጥር፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች ይህንኑ ይጠይቁ ነበር።

መጀመሪያ «ካንሰር» የሚለው ቃል ወጥቶ «እማዬን አሟታል» ተባለ። ባሰ፤ ማንኛውም ሕመም አስፈሪ ሆነ። ካንሰሩን ጭራቅ አድርጎ መሣልም አልሠራም፤ ጭራቁ እናትየው ሆድ ውስጥ ስለሆነ እሷም አስፈራች።

የሠራው ቃሉን መመለስና ገጾቹን ማቀያየር ነው። ፀጉር አልባዋ እናት ከመድኃኒቱ ቀድማ ትታይ ነበር። አሁን ገጽ 10–11 ላይ የኬሞቴራፒው (የካንሰር መድኃኒቱ) ጠብታ በክንዷ ይገባል፤ ሲገለጥ ትራሱ ላይ የረገፈ ፀጉር፣ «ያረገፈው መድኃኒቱ ነው» ከሚል አንድ መስመር ጋር። ቀጥሎ እቅፍ፦ «ካንሰር በመተቃቀፍ አይተላለፍም። በእኔ ምክንያትም አልመጣም።»

በልጅ አንደበት «በእኔ» የተባለው «በአንተ» ካሉ ሴቶቹ ልጆች ስለሚቀሩ ነው።