15 ዓመት የተፈረደበት ሰው በአመክሮ መቼ ይወጣል?

መጀመሪያ የፍርዱን ግልባጭ አውጥተው የተያዘበትን ቀን ይፈልጉ። በእስር ከቆየ ስሌቱ የሚነሳው ከዚያ እንጂ ፍርዱ ከተነበበበት ቀን አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዋስ ውጭ የቆየበት ጊዜ ግን አይታሰብም።

በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 አመክሮ የሚጠየቀው የቅጣቱ ሁለት ሦስተኛ ሲያልቅ ነው፤ ለዕድሜ ልክ 20 ዓመት። ሰኔ 5 ቀን 2008 ተይዞ 15 ዓመት ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው 10 ዓመቱን የሚሞላው ሰኔ 5 ቀን 2018 ነው።

ጊዜው ደረሰ ማለት ግን ወጣ ማለት አይደለም። ማረሚያ ቤቱ ስለ ጠባዩና ሥራው ሐሳብ ያቀርባል ወይም ታራሚው ራሱ ያመለክታል፤ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። በግድያና በከባድ የአካል ጉዳት መዝገብ አስቸጋሪው ካሳው ነው፦ አቅሙ በፈቀደ መጠን መካሱን የሚያሳይ ደረሰኝ ወይም የተፈረመ የዕርቅ ሰነድ አስቀድመው ያዘጋጁ።