ቀላል የኋላ ግጭት ሲያጋጥም፦ ከስምምነት በፊት ማስረጃ

ከኋላ የተገጨ ወይም ከፊቱ ያለውን መኪና የገጨ አሽከርካሪ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ውስጥ የሚያደርገው ነገር፣ ጉዳዩ በሰላም እንደሚያልቅ ወይም ለወራት እንደሚያመላልሰው በአብዛኛው ይወስናል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች፣ በተለይ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መኪና ከመኪና ተጠጋግቶ በሚጓዝበት ጊዜ፣ ፓራውልት የሚያጎብጥ ወይም የስቶፕ መብራት የሚሰብር ግጭት ጠንቃቃውንም አሽከርካሪ ሊያጋጥመው ይችላል። ሰው እስካልተጎዳ ድረስ ብረት ይሠራል፤ የሚሠራበትን ገንዘብ ማን እንደሚከፍል የሚለየው ግን በማስረጃ ነው።

ማስረጃ ይህን ያህል የሚያስፈልገው ሕጉ ራሱ ስለሚጠይቀው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2084 ላይ፣ ሁለት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምታል፤ በዚህም ግምት መሠረት የሁለቱ መኪኖች ባለቤቶች የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ። ግምቱ የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ብዙ ሰው «ከኋላ የገጨ ምንጊዜም ጥፋተኛ ነው» ብሎ ስለሚያምን ማስረጃ ለመያዝ አይጨነቅም፤ ነገሩ ወደ ክርክር ሲያመራ ግን እምነቱ ብቻውን አያዋጣውም።

በእርግጥ ጥፋቱ ከኋላ ባለው አሽከርካሪ ላይ የሚያዘነብለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። አሽከርካሪው የፊተኛውን ስቶፕ መብራት አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዛውር አንድ ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ፍሬኑ ገና ሥራ ሳይጀምር ከሁለት መኪና ርዝመት የሚበልጥ መንገድ ይታለፋል። ስለዚህ በቂ ርቀት ጠብቆ መንዳት የኋለኛው ግዴታ ነው።

ይሁን እንጂ ከኋላ የቆመ ሁሉ ገጪ አይደለም። ዳገት በበዛባት ከተማችን፣ በማርሽ የሚነዳ መኪና ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሳ፣ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ለቅቆ ነዳጅ እስኪሰጥ ድረስ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ከኋላው የቆመውን መንካቱ የተለመደ ነው። የፊተኛው ሾፌር ወርዶ «ገጨኸኝ» ሲል፣ መንሸራተቱን ያየ ሰው ወይም የቀረጸ ካሜራ ከሌለ ሁለቱ መኪኖች ላይ ያለው ጉብጠት ብቻውን እውነቱን አይናገርም። የጭረቱ ከፍታ ግን አንዳንድ ጊዜ ፍንጭ ይሰጣል። አጥብቆ ፍሬን የያዘ መኪና አፍንጫው ወደ መሬት ስለሚደፋ፣ ሲገጭ ምልክቱን ከፓራውልቱ መደበኛ ከፍታ ዝቅ አድርጎ ይተዋል፤ ሁለቱ ምልክቶች በትክክል ትይዩ ከሆኑ ደግሞ የኋለኛው መኪና ፍሬን ሳይዝ ወይም ቆሞ ሳለ ተነካክተው ሊሆን ይችላል። ከጎን ድንገት ገብቶ ተሳፋሪ ለመጫን በሚቆም ሚኒባስ ላይ የሚደርሰው ግጭትም እንዲሁ ነው፤ ጉዳቱ በኋላ መሃል ላይ ሳይሆን በአንዱ ማዕዘን ላይ ካረፈ፣ መኪናው ረድፉን ጨርሶ ሳይገባ መነካቱን ሊያመለክት ስለሚችል ማዕዘኑን ለይቶ ፎቶ ማንሳት ይገባል። ሦስት መኪኖች ተከታትለው ሲጋጩ፣ መሃል ያለው ሰው «ተገፍቼ ነው» ማለቱ አይበቃም፤ የመጀመሪያው መኪና አሽከርካሪ የተሰማው ምት አንድ ነበር ወይስ ሁለት የሚለው ጥያቄ እዚያው ተጠይቆ መልሱ መያዝ አለበት። አንድ ምት ብቻ ከነበረ መሃለኛው ቆሞ ሳለ የተገፋ ለመሆኑ ማስረጃ ይሆናል፤ ሁለት ከነበረ አስቀድሞ ራሱ ገጭቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ግጭቱ እንደደረሰ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ፣ ከመውረድዎ በፊት ከኋላ የሚመጣውን በስፖኪዮ ይመልከቱ። በቀለበት መንገድ ላይ ከሆኑ ከመኪኖቹ መካከል ፈጽሞ አይቁሙ፤ የሚያንጸባርቀውን ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ለኋላ መጪዎች አስቀድሞ በሚታይ ርቀት ላይ ያኑሩ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰው እንጂ መኪና አይደለም፤ ስለዚህ በሁለቱም መኪና ውስጥ ያሉትን፣ በተለይ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሕፃናትንና አረጋውያንን ደህንነታቸውን ይጠይቁ። አንገቱን ወይም ጀርባውን ያመመው ካለ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ይጥሩ፤ ጉዳት የደረሰበት ሰው ካለ ነገሩ ቀላል ግጭት መሆኑ ስለሚቀር ፖሊስ ሳይመጣ የሚደረግ ስምምነት አይኖርም። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ሕጉ ስለሚደነግግ፣ ሐኪም ቤት ከመሄድ አስቀድሞ ስለ ክፍያ መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ፎቶ ይነሣል። መኪኖቹ ከቦታቸው ከመንቀሳቀሳቸው በፊት፣ ከአሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ሁለቱንም መኪኖች ከነመንገዱ፣ ከነመስመሩና በአቅራቢያው ካለ ሊታወቅ ከሚችል ሕንፃ ወይም ሱቅ ጋር ያንሡ። ከዚያ ቀረብ ብለው የተነካኩበትን ስፍራ፣ የፊት ጎማዎቹ የዞሩበትን አቅጣጫ፣ መሬት ላይ የወደቀውን የመብራት ስብርባሪና የጎማ ፍሬን ምልክት ካለ እርሱንም ያንሡ። ስብርባሪው ወድቆ የሚገኝበት ቦታ ግጭቱ የደረሰበትን ነጥብ ስለሚያሳይ፣ አላፊ አግዳሚ በእግሩ ከመበተኑ በፊት መቀረጽ አለበት። በቪዲዮ ዙሪያውን አንድ ጊዜ መዞርም ፎቶ የሚዘለውን ይይዛል። ይህ ሁሉ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ከኋላ ጡሩምባ የሚነፋው ሰው እስከዚያ ይታገሥ።

ከፎቶው በኋላ ሰነድ ይታያል። የሌላውን መኪና ሰሌዳ ከኮዱና ከፊደሉ ጋር፣ የአሽከርካሪውን መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬውን፣ በመስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት ከነማብቂያ ቀኑ ፎቶ ያንሡ። በሊብሬው ላይ የሰፈረው ስም ከአሽከርካሪው ስም ጋር አንድ መሆኑን ማየት አይርሱ። በእኛ አገር መኪና በውክልና ተሽጦ ስሙ ሳይዛወር ለዓመታት ስለሚነዳ፣ ሾፌርም ቀጣሪውን ወክሎ ስለሚያሽከረክር፣ በሕጉ ተጠያቂ የሚሆነውን ባለቤት በኋላ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። የሰጡዎትን ስልክ እዚያው ፊት ለፊት ደውለው መጥራቱን ያረጋግጡ። በሌላ በኩል የራስዎን መንጃ ፈቃድ ወይም ሊብሬ በመያዣነት ለግለሰብ አይስጡ፤ የሌላውንም አይያዙ። ልማዱ ሥር የሰደደ ቢሆንም፣ መንጃ ፈቃድ የመያዝ ሥልጣን የግለሰብ ሳይሆን የሕግ አስከባሪ ነው።

የስልኩን ነገር አጥብቄ የምናገረው በራሴ ስለደረሰ ነው። በአንድ የሐምሌ ቀን ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት ስጓዝ፣ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ ከኋላ ተገጨሁ። በፓራውልቱ ላይ የታየው ጉብጠት የእጅ መዳፍ አያህልም ነበር። የገጨኝ ሰው በጣም ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዝናቡ እየጠነከረ ሄደ፤ የተሰበሰበው ሰውም «ዋናው ሰው መትረፉ ነው፤ ተስማሙና መንገዱን ክፈቱ» አለን። ማታ ገንዘቡን እንደሚልክልኝ ቃል ገብቶ ቁጥሩን በእርጥብ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝና ተለያየን። በማግስቱ ቀጥቃጩ ፓራውልቱን ሲያወርደው፣ ከፕላስቲኩ በስተጀርባ ያለው አግዳሚ ብረት ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ትርፍ ጎማ የሚቀመጥበት የወለል ላሜራም ተጨማድዶ አገኘነው። ልደውል ወረቀቱን ስዘረጋ ቁጥሩ ዘጠኝ አሃዝ ብቻ ነበረው።

ስለዚህ ጉዳቱ በእርግጥ ትንሽ ከሆነና ሁለታችሁም በስምምነት መጨረስ ከፈለጋችሁ፣ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ በዚያው ቀን አብሮ ወደ ጋራዥ ሄዶ ፓራውልቱን አስወርዶ ማየትና ከዚያ በኋላ ዋጋ መነጋገር ነው። መንገድ ዳር የሚቆረጥ ዋጋ የሚታየውን እንጂ የተደበቀውን አይጨምርም፤ በዛሬው የመለዋወጫ ዋጋ ደግሞ የአንድ ስቶፕ መብራት ልዩነት ብቻውን ቀላል አይደለም። ስምምነቱ በወረቀት ይስፈር፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የሁለቱ ሰሌዳዎች፣ የባለቤቶቹና የአሽከርካሪዎቹ ስም፣ ግጭቱ እንዴት እንደደረሰ፣ የተስማማችሁበት ገንዘብና የሚከፈልበት ቀን ይጻፍበትና ከሁለት ምስክሮች ጋር ይፈረም። ተቀባዩ እርስዎ ከሆኑ ክፍያው ለሚታየው ጉዳት ብቻ መሆኑን፣ ከፋዩ እርስዎ ከሆኑ ደግሞ በዚህ ግጭት ምክንያት ሌላ ጥያቄ እንደማይነሣ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር መኖሩን ያረጋግጡ። ጥሬ ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ በቴሌብር ወይም በባንክ ማስተላለፍና በምክንያቱ ቦታ ላይ ሰሌዳውን መጻፍ ይመረጣል፤ ደረሰኙ ራሱ ማስረጃ ነው።

ስምምነት ካልተገኘ፣ ወይም ሌላኛው አሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ ወይም መድን ከሌለው፣ መጠጥ ከቀመሰ፣ ማንነቱንም ለማሳየት ካንገራገረ፣ ወደ 991 ደውለው የትራፊክ ፖሊስ ይጥሩ። መኪኖቹን ማንቀሳቀስ ወይም እንዳሉ መተው እንዳለብዎት በዚያው ስልክ ይጠይቁ። ፖሊሱ ፕላን፣ ማለትም የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ ሲያነሣ የመኪኖቹን አቀማመጥና ልኬት ስለሚመዘግብ አጠገቡ ቆመው ይከታተሉ፤ ዳገት መሆኑ፣ መንገዱ እርጥብ መሆኑ ወይም የፊተኛው መኪና ስቶፕ መብራት አለመሥራቱ ቀርቶ ከሆነ እንዲገባ በትሕትና ይጠይቁ፤ ያላነበቡትንም አይፈርሙ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ክርክር ሁሉ በዚህ ሪፖርት ላይ ስለሚቆም፣ የተሳሳተ ነገር ከሰፈረ በኋላ ማረም እጅግ አድካሚ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለሞተር ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ መንቀሳቀስ አይችልም። ይህ መድን የሚሸፍነው ጥፋተኛው በሌላው ሰው ወይም ንብረት ላይ ያደረሰውን ጉዳት እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ እንጂ የጥፋተኛውን የራሱን መኪና አይደለም፤ ለራስ መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ መግባት ያስፈልጋል። ጥፋቱ የእርስዎ ቢሆንም «ሁሉንም እኔ እከፍላለሁ» ብለው ከመፈረምዎ በፊት ለመድን ድርጅትዎ ይደውሉ። ብዙዎቹ የመድን ውሎች ደንበኛው ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ኃላፊነት እንዳያምን ወይም ክፍያ ቃል እንዳይገባ ስለሚከለክሉ፣ በቅንነት የተፈረመች ወረቀት ካሳውን ልታስከለክል ትችላለች። የተገጩት እርስዎ ሆነው በሙሉ ኢንሹራንስዎ ማሠራት ካሰቡም የገጨዎትን ሰው «ነፃ ነህ» ብለው አያሰናብቱ፤ ድርጅቱ ለእርስዎ ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን ከጥፋተኛው የመጠየቅ መብት ስላለው፣ እርስዎ ያንን መብት አስቀድመው ከዘጉበት ሊጠይቅዎ ይችላል። ድርጅቱ መኪናውን ሳያይና ፕሮፎርማው (የጋራዡ የዋጋ ማቅረቢያ) ሳይጸድቅ ጥገና አያስጀምሩ፤ የተሰበሩትን ዕቃዎችም አይጣሉ። ከካሳው ላይ በውሉ መሠረት እርስዎ የሚሸከሙት ኤክሰስ ስለሚቀነስ፣ ጉዳቱ ከዚያ መጠን የማይበልጥ ከሆነ ወደ መድን መሄዱ ላያዋጣ ይችላል።

የገጩት እርስዎ ከሆኑ ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ከመኪናው ሥር ይመልከቱ። የፊት ጉብጠት ትንሽ ቢመስልም ራዲያተሩ ከፓራውልቱ ብዙ ስለማይርቅ፣ ውሃ እያንጠባጠበ የተነዳ መኪና ሞተሩ ግሎ ከግጭቱ የበለጠ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ኮፈኑ በደንብ መዘጋቱንም በእጅ ተጭነው ያረጋግጡ፤ ካልቆለፈ በጉዞ ላይ ተነሥቶ መስታወቱን ሊሸፍን ይችላል። የተገጩት ደግሞ ስቶፕና ፍሬቻ መሥራታቸውን፣ የኋላ መክፈቻው ያለ ትግል መዘጋቱን፣ ጭስ ማውጫው አለመውረዱን ይዩ።

አንገት ላይ የሚደርስ ሕመም ብዙ ጊዜ በዕለቱ አይሰማም፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ራስን ለማዞር የሚያስቸግር ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ሄደው ምርመራውን በካርድ ላይ ያስመዝግቡ። በዚያው ቀን ለመድን ድርጅቱም፣ ፖሊስ ጉዳዩን ይዞት ከነበረም ለፖሊስ ያሳውቁ። ከውል ውጪ ለሚደርስ ጉዳት የካሳ ክስ የሚቀርበው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ስለሆነ፣ ፎቶዎቹን፣ የስምምነት ወረቀቱን፣ የጋራዥ ደረሰኞቹንና የሕክምና ካርዱን ቢያንስ እስከዚያ ድረስ በአንድ ፋይል አድርገው ያቆዩ።