የክሮን መስመር የሚነበበው በሰርቨሩ ሰዓት ነው

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ እየተደጋገመ የሚሠራ ተግባር፣ ለምሳሌ የዳታቤዝ ባክአፕ፣ ተግባሮችን በተቀጠረላቸው ሰዓት ለሚያስነሳው ክሮን ለተባለ ፕሮግራም የሚሰጠው ክሮንታብ በተባለው ፋይል ውስጥ በሚጻፍ አንድ መስመር ነው። በመስመሩ ላይ አምስት የጊዜ ምልክቶች ይቀድማሉ፤ ትእዛዙ ይከተላል። ምልክቶቹ ከግራ ወደ ቀኝ ደቂቃን (0-59)፣ ሰዓትን (0-23)፣ የወሩን ቀን (1-31)፣ ወርን (1-12) እና የሳምንቱን ቀን (0-7) ያመለክታሉ፤ በመጨረሻው ቦታ 0ም 7ም እሑድ ናቸው።

ኮከብ (*) «ሁሉም» ማለት ነው፤ ኮማ (,) ዝርዝርን፣ ሰረዝ (-) ከዚህ እስከዚያ መሆንን፣ እዝባር (/) ደግሞ ስንት ስንት እየዘለለ እንደሚቆጠር ያሳያል። በደቂቃው ቦታ */15 ሲጻፍ ተግባሩ በየሩብ ሰዓቱ ይሠራል። */7 ግን በየሰባት ደቂቃው ብቻ አይደለም፤ ቆጠራው በየሰዓቱ ከ0 ስለሚጀምር ከ56ኛው ደቂቃ በኋላ ያለው ልዩነት 4 ደቂቃ ይሆናል።

30 5 * * 1-5

ይህ ከሰኞ እስከ ዓርብ በ5:30 ማለት ነው፤ የየትኛው ሰዓት አቆጣጠር 5:30 እንደሆነ ግን መስመሩ አይናገርም። የብዙ ሰርቨሮች ሰዓት የሚሞላው በዩቲሲ (UTC)፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፤ ኢትዮጵያ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ በዚያ ላይ እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት እንጂ ከእኩለ ሌሊት አይደለም። ስለዚህ ሰርቨሩ በዩቲሲ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ከጠዋቱ 2:30 ላይ ነው። የቀኑን ሰዓት ወደ ዩቲሲ ለመቀየር 3 መደመር፣ የሌሊቱን ለመቀየር ደግሞ 15 መደመርና ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 መቀነስ ይበቃል።

ከሰዓቱ ይልቅ ዕለቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በዩቲሲ ገና እሑድ 23:00 ስለሆነ ትክክለኛው አጻጻፍ

0 23 * * 0

ነው፤ «ሰኞ ገብቷል» ብሎ በመጨረሻው ቦታ 1 የጻፈ ሰው ባክአፑን የሚያገኘው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም መስመር ከመጻፍ በፊት የሰርቨሩን የሰዓት ቀጠና ማረጋገጥ ግዴታ ነው እላለሁ።

0 6 1 * 1 የሚለውን ብዙዎች «1ኛው ቀን ሰኞ ሲውል» ብለው ያነቡታል። ክሮን ግን የወሩም የሳምንቱም ቀን ሲገደቡ ከሁለቱ አንዱ መሟላቱ ስለሚበቃው፣ በየወሩ 1ኛ ቀንም በየሰኞውም ያስነሳዋል።

ክሮን የሚያውቀው የጎርጎርዮስን ወር ብቻ ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ስለሚውል፣ በኢትዮጵያ ወር መባቻ መሠራት ያለበትን ሪፖርት በአንድ መስመር መግለጽ አይቻልም። ተግባሩን በየቀኑ ማስነሳትና ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር 1 ካልሆነ ስክሪፕቱ ራሱ ሥራውን ሳይጀምር እንዲወጣ ማድረግ ይሻላል።