«ታማኝ ነኝ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የሚፈጠሩ ስህተቶች

በቀደም የአክስቴ ልጅ የሥራ ማመልከቻዋን «እስኪ እየው» ብላ ላከችልኝ። ገና መጀመሪያው ላይ «አይ አም ኤ ዲፔንደንት ፐርሰን» ይላል። «ልትተማመኑብኝ ትችላላችሁ» ማለቷ ነው። ቀጣሪው የሚያነበው ግን «ሰው ካልደገፈኝ አልቆምም» የሚል ነው። ደወልኩላትና ተሳሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን የሌሎች ሰዎችን ደብዳቤዎችም እያስታወስኩ ስቆጥር ስህተቱ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

ጣጣው የሚጀምረው ከአማርኛችን ነው። «ታማኝ» የምንላት ቃል ብዙ ትሸከማለች። ገንዘብ የማይነካ ካሸር ታማኝ ነው። በትዳሩ የጸና ባል ታማኝ ነው። ጌታውን የማይተው ውሻም ታማኝ ነው። እንግሊዝኛ እነዚህን ለያይቶ ይጠራቸዋል። ስለዚህ ቃል ከመምረጥዎ በፊት «የዚህን ሰው ምኑን ነው የማምነው?» ይበሉ። እጁን? ልቡን? ወይስ ሰዓቱን?

ደጋፊና ተደጋፊን ማምታታት። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። «ዲፔንደብል» ሌላው የሚደገፍበት ሰው ነው። «ዲፔንደንት» ደግሞ ራሱ ተደጋፊው። አሜሪካ የግብር ቅጽ የሞላ ሰው ልዩነቱን አይስተውም፤ እዚያ ዲፔንደንት ተብለው የሚመዘገቡት አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ናቸው። «ሪላየብል» እና «ሪላያንት»ም እንደዚሁ ናቸው። ሪላያንት ሌላውን ጠባቂ ነው። ከፊቱ «ሴልፍ» (ራስ) ከገባ ግን ይገለበጣል፤ ራሱን የቻለ ማለት ይሆንና ምስጋና ነው። «ትረስቲንግ» እና «ትረስትወርዚ»ም አሉ። ትረስትወርዚ የሚታመን ሰው ነው፤ ትረስቲንግ ሁሉን የሚያምን የዋህ። ለሂሳብ ሠራተኛነት እያመለከቱ «ትረስቲንግ ነኝ» ማለት ካዝናውን ክፍት አድርጌ ምሳ እወጣለሁ እንደማለት ነው።

«ሎያል»ን በሪላየብል ቦታ መጠቀም። ሁላችንም አንድ እንዲህ ያለ ጓደኛ አለን። በክፉ ቀን ከጎንዎ አይጠፋም፣ ሲያሙዎት ይጣላል፣ የቡና ቀጠሮ ላይ ግን ሁሌ አንድ ሰዓት ያረፍዳል። ይህ ሰው ሎያል ነው። ሪላየብል ግን አይደለም። የአሜሪካ ስካውቶች ሕግ ስካውት ሊኖሩት የሚገቡ 12 ባሕርያትን ይዘረዝራል። የመጀመሪያው ትረስትወርዚ፣ ሁለተኛው ሎያል ነው። አንድ ቢሆኑ ሁለት ቦታ ባልያዙ ነበር።

«ፌይዝፉል»ም ለሲቪ አትመችም። የትዳርና የእምነት ጠረን አላት። ደግሞ የሚገርመው፣ በአሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ፍል ውሃ ወደ ሰማይ የሚተፋ ምንጭ አለ፤ ስሙ «ኦልድ ፌይዝፉል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 ያዩት አሳሾች ናቸው እንዲህ ያሉት። የሚፈነዳበት ጊዜ ስለሚገመት፣ ሊያየው የመጣን ሰው አያሳፍርም። ስሙ ላይ ፍቅር አለበት። ሪላየብል ቢሉት የውሃ ፓምፕ ይመስል ነበር።

«ኢን» ጨምሮ ማፍረስ። «ክሬዲብል» ለወሬ፣ ለምስክር፣ ለምንጭ የሚሆን ጥሩ ቃል ነው፤ የሚታመን ማለት ነው። «የማይታመን ምንጭ» ለማለት ግን «ኢንክሬዲብል» ብለው ከጻፉ ምንጩን አወደሱት። ዛሬ ቃሉ የሚሠራው «ጉድ ነው! ድንቅ ነው!» ለማለት ነው። ለወቀሳ «አንሪላየብል» ይበሉ።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ለምትደክሙ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ተማሪ የሚላተመው እዚህ ነው። በጥናት ቋንቋ «ሪላየብል» ማለት ትክክል ማለት አይደለም። ደጋግመው ቢለኩ ያንኑ ውጤት የሚሰጥ ማለት ነው። የጉልት ሻጯ ሚዛን ሁልጊዜ 200 ግራም የሚጨምር ከሆነ፣ ሚዛኑ ሪላየብል ነው። ዛሬም ነገም እኩል ያታልልዎታል። የጎደለው «ቫሊዲቲ» ነው፤ መለካት ያለበትን በትክክል አልለካም። ሁለቱን በአማርኛ «አስተማማኝነት» ብሎ መጠቅለል ምዕራፍ ሦስትን፣ የጥናት ዘዴውን ክፍል፣ ያበላሻል።

«ኮንሲስተንት»ም ወደዚህ ይጠጋል። ወጥ ማለት ነው፣ ጥሩ ማለት አይደለም። በየቀኑ የሚያረፍድ ሰውም ኮንሲስተንት ነው።

«ሪስፖንሲብል» ላይ የሚያሳስተን «ኃላፊ» የሚለው ቃላችን ነው። «ሪስፖንሲብል ፎር» ካሉ በኋላ የሚመጣው ሥራ ከሆነ ደህና። አደጋ ወይም ጉድለት ከሆነ ግን ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። «ትረስቲ»ን (ለዓመታት ያገለገለ፣ የማይከዳ) ደግሞ ለአሮጌ ቢላዎና ለአሮጌ መኪና ይተዉት። በአሜሪካ እስር ቤቶች ትረስቲ የሚባለው በጥሩ ጠባዩ የተለየ መብት የተሰጠው እስረኛ ነው።

መስተዋድዷን በአጭሩ፦ ሪላይም ዲፔንድም የሚሄዱት ከ«ኦን» ጋር ነው። የእኛ «በ» እየጎተተን «ባይ» እንዳንል።

በነገራችን ላይ፣ ራሷ «ሪላየብል»ም ድሮ ስደት ደርሶባታል። በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝኛ ተቆርቋሪዎች «ኦን» መሃሏ መግባት ነበረበት፣ የተበላሸች ቃል ናት ብለው ዘመቱባት። ፊትዝኤድዋርድ ሆል የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1877 እሷን ለመከላከል አንድ መጽሐፍ ጻፈ። ለአንዲት ቅጽል! እኛ ብንሳሳት ምን ይገርማል።

የመጨረሻው ስህተት የቃል አይደለም። ራስን በቅጽል መካብ ነው። «ሪላየብል፣ ትረስትወርዚ ኤንድ ዲፔንደብል» ብሎ ሦስቱንም መደርደር አንዱም እንዲታወስ አያደርግም፤ ቀጣሪው በቀን ብዙ እንዲህ ያለ ያነባል። የአክስቴን ልጅ «እዚያ ሱቅ ስንት ጊዜ ሠራሽ?» አልኳት። ሦስት ዓመት። «ካዝና ጎድሎብሽ ያውቃል?» አንድም ቀን። «በቃ፣ ይህንን ጻፊ።»

«ታዲያ ሪላየብል የሚለውን የት ላስገባው?» አለችኝ።

«አታስገቢው።»