ፊልተሩ ድንጋዩ ነው፦ የጨው ውሃ አኳሪየም ማጣሪያ አመራረጥና አገጣጠም

ሰው የጨው ውሃ አኳሪየም ልጀምር ነው ሲለኝ የመጀመሪያ ጥያቄው ሁሌ "የትኛውን ፊልተር ልግዛ" ነው፣ እኔም ሁሌ "ቅድሚያ ድንጋዩን ግዛ" ነው የምለው። እውነቴን ነው። ጎልድፊሽ ምናምን አሳድጎ የሚያውቅ ሰው ፊልተር ሲባል በካርቶን የሚመጣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው ማሽን ነው ትዝ የሚለው፣ በጨው ውሃ ላይ ግን ዋናውን ስራ የሚሰራው ድንጋዩ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ ነው፣ ሌላው ዕቃ በሙሉ የሱ ረዳት ነው።

እኔ ይሄ የገባኝ ዓሣ ሞቶብኝ ነው። የመጀመሪያው አኳሪየሜ ላይ ድንጋዩ ሁለት ፍሬ ነበር፣ ስራውን ሁሉ የጣልኩት ካኒስተር ፊልተሩ (ከአኳሪየሙ ውጭ ተቀምጦ በቱቦ ውሃ የሚያዞር ዝግ ማጣሪያ) ላይ ነው። አንድ እሁድ ከፈትኩትና ስፖንጁ ቡናማ ሆኖ ሳየው ቆሻሻ ነው ብዬ ኩሽና ወስጄ በቧንቧ ውሃ መጀመሪያ የተገዛ ቀን እስኪመስል ድረስ አጠብኩት። ማክሰኞ ማታ ከስራ ስገባ ሁለቱ ክላውንፊሾች ውሃው ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው አፋቸውን ቶሎ ቶሎ ይከፍታሉ ይዘጋሉ፣ የአሞኒያ ቴስቱን ስሰራ ቢጫ መሆን የነበረበት አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ግማሹን ውሃ በሌሊት ቀየርኩ፣ ትልቋ ተረፈች፣ ትንሹ ግን አላደረም። ያ በእጄ ያጠብኩት ቡናማ ነገር ነበር ሁለቱንም በህይወት ያኖራቸው የነበረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓሣው የሚወጣውም የተረፈውም ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ ዓሣ ይገድላል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትሬት ጉዳቱ በጣም ያነሰ ስለሆነ ውሃ በመቀየር እናወጣዋለን። እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ ሲንሳፈፉ አይደለም የሚኖሩት፣ ነገር ላይ ተጣብቀው ነው፣ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ድንጋይ ደግሞ ለነሱ ሰፊ ቤት ነው፣ ጥልቁ ቀዳዳ ውስጥ ኦክስጅን የማይደርስበት ቦታ ስላለ እዚያ የሚኖሩት ናይትሬቱንም ጭምር ትንሽ ትንሽ ይቀንሱታል። ይሄንን ካወቃችሁ ምን መግዛት እንዳለባችሁ ግማሹ መልስ እጃችሁ ገባ ማለት ነው።

ምሳሌ እንዲሆነን እኔ አሁን ያለኝን ልውሰድ፣ 40 ጋሎን ማለትም 150 ሊትር አካባቢ፣ ርዝመቱ 91 ወርዱ 46 ሴንቲ ሜትር። አርሊንግተን ቨርጂኒያ አፓርትመንት ውስጥ ነው ያለው። ውሃው፣ ድንጋዩ፣ አሸዋውና መስታወቱ ተደምሮ ከ200 ኪሎ ስለሚያልፍ ስታንዱ የሚችል መሆኑን አረጋግጡ፣ ውሃ ልክ አስቀምጣችሁም በአራቱም ማዕዘን ለኩት።

ድንጋይ ለዚህ መጠን ከ12 እስከ 15 ኪሎ ይበቃል፣ ቀለል ያለና ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ። ሁለት ዓይነት አለ፣ ደረቅና ላይቭ ሮክ። ደረቁ ርካሽ ነው፣ እንደ አይፕታሲያ ያለ ተባይም ይዞ አይመጣም፣ ግን ባዶ ነው። ላይቭ ሮኩ ባክቴሪያው አብሮት ይመጣል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። እኔ የማደርገው አብዛኛውን ደረቅ ገዝቼ ካረጀና ጤነኛ ከሆነ አኳሪየም አንድ ሁለት ቁራጭ ላይቭ ሮክ ለምኜ ወይ ገዝቼ መሃሉ መክተት ነው፣ ልክ እንደ እርሾ። አዲስ ሊጥ ላይ የድሮ እርሾ ጠብ ስታደርጉበት እንደሚፋጠነው ማለት ነው፣ እንጂ ደረቁ ብቻውንም መቦካቱ አይቀርም፣ ጊዜ ነው የሚፈጀው።

ከድንጋይ ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ፕሮቲን ስኪመር ነው። የአጥንት ሾርባ ስትሰሩ ላይ የሚንሳፈፈውን አረፋ በማንኪያ እየገፈፋችሁ ትጥሉ የለ? ስኪመርም ስራው እሱ ነው። በጣም ደቃቅ የአየር አረፋ ውሃው ውስጥ ይለቃል፣ ፕሮቲንና ቅባት ነገሩ አረፋው ላይ ይጣበቃል፣ አረፋው እየተገፋ ወጥቶ ላይ ያለው ኩባያ ውስጥ ይፈሳል። ጥቅሙ ምንድነው፣ ቆሻሻው በስብሶ አሞኒያ ከመሆኑ በፊት ከውሃው ይወጣል፣ እግረ መንገዱንም ውሃው ውስጥ አየር ያስገባል። ፍሬሽ ውሃ ላይ አረፋው ትልልቅ ሆኖ ቶሎ ስለሚፈነዳ አይሰራም፣ ጨው ውሃ ላይ ነው አረፋው ደቃቅ ሆኖ የሚቆየው። ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሊትር እንዳለ አትመኑት፣ ትንሽ ዓሣ ላለበት ታስቦ ነው የሚጻፈው፣ ለ150 ሊትር አኳሪየም እስከ 300 ሊትር የሚለውን ብትወስዱ አይቆጫችሁም። አኳሪየማችሁ ግን ከ80 ሊትር በታች ከሆነ ስኪመሩን ተዉትና በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት ውሃ ቀይሩ፣ ይበቃል።

ይሄ ሁሉ ዕቃ የት ይቀመጣል? ሳምፕ ውስጥ። ሳምፕ ማለት ከስር ስታንዱ ውስጥ የሚቀመጥ ሌላ መስታወት ነው፣ ውሃው ከላይ በኦቨርፍሎው፣ ማለትም የሞላው ውሃ ጠርዙን አልፎ በሚገባበት ማውረጃ፣ ይወርዳል፣ ከስር በፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። ስኪመር፣ ሂተር፣ ካርቦን ሁሉ እዚያ ይደበቃል፣ የውሃው መጠንም ይጨምራል። ሲበዛ ውስብስብ ይመስላል እንጂ አይደለም። እኔ 20 ጋሎን ተራ አኳሪየም ነው በመስታወት ሶስት ክፍል አድርጌ የምጠቀምበት። ውሃው የሚወርድበት የመጀመሪያው ክፍል ላይ ባለ 200 ማይክሮን ፊልተር ሶክ፣ ቆሻሻ የሚይዝ የጨርቅ ከረጢት፣ አለ፣ ሁለተኛው ላይ ስኪመሩ፣ ሶስተኛው ላይ ፓምፑ። ስኪመሩን ፓምፑ ያለበት ክፍል አታስገቡት፣ ውሃ ሲተን ከፍ ዝቅ የሚለው እዚያ ነው፣ ስኪመር ደግሞ የውሃው ከፍታ ሲቀያየርበት አንዴ ያብዳል አንዴ ዝም ይላል። ስንት ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ መቆም እንዳለበት መመሪያው ላይ አለ፣ እሱን ጠብቁ።

ሶኩን በየሶስት አራት ቀኑ መቀየር ግዴታ ነው፣ ካልቀየራችሁት የያዘው ምግብ እዚያው ይበሰብስና ከማጣራት ይልቅ ያቆሽሻል። አራት አምስት ገዝታችሁ እየቀያየራችሁ ያለ ሳሙና እጠቡ።

ፓምፑን ስትመርጡ ውሃውን ወደ ላይ ሲገፋ ጉልበቱ እንደሚቀንስ አትርሱ። በሰዓት 1500 ሊትር የሚል ፓምፕ አንድ ሜትር ከምናምን ሽቅብ ሲያወጣ ያን ያህል አይሰጥም። ለኛ 150 ሊትር በሰዓት ከ750 እስከ 1000 ሊትር ላይ ከደረሰ በቂ ነው፣ ዋናውን የውሃ እንቅስቃሴ አኳሪየሙ ውስጥ የሚለጠፈው ዌቭሜከር ነው የሚሰራው።

ሳምፕ ማስገባት የማትችሉ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል ፊልተርና የሚንጠለጠል ስኪመር ያስኬዳችኋል። ካኒስተርም ናይትሬት ፋብሪካ ነው እየተባለ ስሙ ይጠፋል እንጂ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ ለሶስት ወር ሳይከፈት ስለሚቀር ነው። በየሁለት ሳምንቱ ክፈቱት፣ ስፖንጁን ግን ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት የጨው ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፣ በቧንቧ ውሃ በጭራሽ።

ካርቦን ውሃውን ጥርት ያደርጋል፣ ቢጫነቱንና ሽታውን ይወስዳል፣ በወር አንዴ ቀይሩት። አልጌ ካስቸገራችሁ የአልጌ ምግብ የሆነውን ፎስፌት የሚይዘውን ጂ ኤፍ ኦ የሚባል የብረት ኦክሳይድ ጠጠር ትጨምራላችሁ፣ ለጀማሪ ግን መጀመሪያ ቀን የሚገዛ ነገር አይደለም።

ውሃውን በተመለከተ በጣም ልለምናችሁ፣ የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ። እዚህ ዲሲና አርሊንግተን የሚደርሰን ውሃ ክሎራሚን አለበት፣ በየዓመቱ ስፕሪንግ ላይ ለጥቂት ሳምንት ወደ ክሎሪን ይቀይሩትና መልሰው ክሎራሚን ያደርጉታል። ክሎራሚን በካርቦን ሲሰበር አሞኒያ ይተዋል፣ ያንን አሞኒያ የሚይዘው አር ኦ ዲ አይ የሚባለው የቧንቧ ውሃ ማጣሪያ ማሽን መጨረሻ ላይ ያለው ሬዚን ነው። ከድሮ ቧንቧ የሚመጣ መዳብም ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይፈጃል። ማሽኑን መግዛት ካልቻላችሁ የተጣራ ውሃ የሚሸጡ የዓሣ ሱቆች አሉ፣ ውሃው ውስጥ የሟሟ ነገር መኖሩን የሚለካውን ቲ ዲ ኤስ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ 0 ማንበብ አለበት።

አሁን ወደ መግጠሙ። ጨው ሳትጨምሩ፣ ድንጋይም ሳታስገቡ፣ መጀመሪያ በተራ ውሃ ሞልታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። በየመገጣጠሚያው ስር ነጭ ሶፍት አንጥፉ፣ ጠብታ ካለ ወዲያው ይታያል። ከዚያ ፓምፑን አስነሱና ውሃው ሲረጋጋ የሳምፑ መስታወት ላይ በፕላስተር የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርጉ። አሁን ፓምፑን ከሶኬት ንቀሉት።

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ እዩ። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ወደ ላይ የሚሄድበት ቱቦ ተገላብጦ ወደ ታች መሳብ ይጀምራል፣ ሳይፈን ማለት ነው፣ የቱቦው አፍ አየር እስኪያገኝ ድረስ አይቆምም። በኛ ስፋት ላይ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ውሃ 4 ሊትር ከምናምን ነው፣ የቱቦው አፍ 3 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ከሆነ 12 ሊትር ተኩል ይወርዳል፣ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ከ40 ሊትር በላይ ነው፣ ያ ደግሞ ሳምፑን ሞልቶ ከስር ያለው ጎረቤት ጣራ ላይ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ አፉን ውሃው ገጽ አጠገብ አድርጉት፣ ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብሎም ቱቦው ላይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ብሱ፣ ቀዳዳው በአልጌ እንዳይደፈን በየሳምንቱ ጥረጉት። ውሃው ወርዶ ሲቆም ሁለተኛ ፕላስተር ለጥፉ። ከዚያ በላይ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ባዶ መስታወት መቅረት አለበት፣ ካልቀረ የሳምፑን ውሃ ቀንሱ። ይሄንን ሙከራ እኔ ሶስት ጊዜ ደጋግሜ ነው የማደርገው፣ ፓምፑ ተመልሶ ሲነሳም ኦቨርፍሎው በራሱ ማውረድ መጀመሩን አያለሁ። ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ኦቨርፍሎው አየር ከገባበት ማውረዱን ያቆማል፣ ፓምፑ ግን መግፋቱን ይቀጥላል፣ ለዚህ ነው የተበሳ አኳሪየም የምመርጠው። ራሳችሁ ልትበሱ ካሰባችሁ ግን መስታወቱ ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የጠነከረ ዓይነት፣ አለመሆኑን አረጋግጡ፣ ቴምፐርድ ሲበሳ ይረግፋል፣ ብዙ ጊዜ የታችኛው ነው እንደዚያ የሚሆነው።

የሁሉም ገመድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ከዚያ ወደ ላይ ይመለስ፣ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ መሬት ላይ እንጂ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። ሶኬቱም ውሃ ሲነካው በራሱ የሚጠፋው ዓይነት ይሁን። መብራት ለሚሄድባችሁ፣ አዲስ አበባ ላላችሁ በተለይ፣ በባትሪ የሚሰራ አየር ፓምፕ ከስኪመርም በፊት ግዙ፣ ውሃው ሲቆም መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው።

ሙከራው ካለፈ የሙከራውን ውሃ ድፉትና በተጣራው ውሃ የአኳሪየም የባህር ጨው በጥብጡ፣ በሊትር ከ35 እስከ 38 ግራም፣ ሪፍራክቶሜትር (የጨው መለኪያው) ላይ 1.025 አካባቢ፣ ሙቀቱ 25 ወይ 26 ዲግሪ። ድንጋዩን መጀመሪያ በቀጥታ መስታወቱ ላይ አስቀምጡ፣ አሸዋው ከሱ በኋላ ዙሪያውን ይግባ፣ አለዚያ ዓሣው ሲቆፍር ድንጋዩ ይናዳል። ከኋላውም ውሃ የሚያልፍበት ቦታ ተዉ። ውሃው ሲቀንስ የሚጨመረው ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ ነው፣ ውሃው እንጂ ጨው አይተንም።

ከዚህ በኋላ መጠበቅ ነው። ጠርሙስ አሞኒያ ገዝታችሁ 2 ፒፒኤም (በሊትር 2 ሚሊግራም ገደማ) እስኪደርስ ጨምሩ፣ መብራቱን አጥፉ፣ የጠርሙስ ባክቴሪያ ከጨመራችሁም ስኪመሩን ለጥቂት ቀን አቁሙት። በየሁለት ቀኑ ለኩ። አሞኒያው መውረድ ሲጀምር ናይትራይቱ ይወጣል፣ ቆይቶ እሱም ይወርዳል። የጨመራችሁት 2 ፒፒኤም በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም 0 ሲሆን ደርሷል፣ በደረቅ ድንጋይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። ሊጡ ሳይቦካ ምጣድ አትጣዱ፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው "ዛሬውኑ ዓሣ መክተት ትችላለህ" ቢላችሁ እንኳን።

አዲስ ስኪመር መጀመሪያ ሰሞን ወይ ምንም አያወጣም ወይ ኩባያውን ሞልቶ ያፈሳል፣ አንድ ሁለት ሳምንት ስጡት። አረፋው አንገቱ ስር ላይ እንዲቆም አስተካክሉና ተዉት፣ በየቀኑ አትነካኩት። ኩባያው ውስጥ ጥቁር ቡና የመሰለ የሚከረፋ ነገር ካጠራቀመ በትክክል እየሰራ ነው፣ አንገቱን በየሶስት ቀኑ ጥረጉለት፣ ቅባቱ ሲበዛ አረፋው መውጣት ያቅተዋል።

ናይትሬቱን በትልቅ የውሃ ለውጥ አውርዱና ሁለት ትንንሽ ክላውንፊሽ ብቻ አስገቡ። ባክቴሪያው የሚበዛው በሚያገኘው ምግብ ልክ ስለሆነ አምስት ዓሣ ባንዴ ከከተታችሁ አይደርስላቸውም። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን አሞኒያ ለኩ፣ ቢጫ ሆኖ ከቀረ ሁለት ሶስት ሳምንት ቆይታችሁ ሶስተኛውን አምጡ።